ያልጠየቅኩሽ

ሰመራ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ሂያም፣

እናትሽ እትዬ ኑርሀያት ሕመማቸው ተሻላቸው? አላህ ይማራቸው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የራስሽን ጽሑፍ ታገኛለሽ፤ ያንን ለወጣቶች መድበል ልከሽው የተመለሰብሽን። ዳርና ዳሩን በእርሳስ ሞነጫጭሬበታለሁ። ከመቆጣትሽ በፊት ስሚኝ።

ታስታውሻለሽ፣ ጽሑፍ የሚከብዳቸው ተማሪዎች እንዳግዛቸው ቢሮዬ በር ላይ ይሰለፉ ነበር። የአንዱን የተዘበራረቀ አንቀጽ ሳቃና ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ። አንቺ ስትመጪ ግን አምስት ደቂቃ አልፈጀሁም። «ጎበዝ! እንከን አይወጣለትም» ብዬ መለስኩልሽ። አልተነሳሽም።

«ቲቸር፣ ለነሱ እስክሪብቶ ይጨርሳሉ፤ ለኔ አንዲት ጭረት ይሰስታሉ?» አልሽኝ።

ሳቅኩ። ጉራ መስሎኝ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፤ እንከኑን ያኔውኑ አይቼው ነበር። እናትሽ ከወሎ መጥተው አዋሽ ላይ ሱቅ ሲከፍቱ፣ ከአፋር ደንበኞቻቸው ጋር ሲላመዱ ጽፈሻል። ሻሻቸው አለ፣ ሚዛናቸው አለ፣ ሲቆጡ የሚጨብጡት ሙዳይ ሳይቀር አለ። እሳቸው ግን በአሥራ አንድ ገጽ ውስጥ አንዲት ቃል አይናገሩም። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። የምትጽፊው ከኔ ይበልጣል፤ ለሚበልጠኝ ሰው ምን እላለሁ ብዬ ነው። ቅናትም ነበረበት፣ አልዋሽሽም። ገምጋሚዎቹ «ያምራል፤ ባለታሪኳ ግን የለችም» ብለው ሲመልሱት አንገትሽን ደፍተሽ አዋሽ ገባሽ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር እንዳልጻፍሽ የዶርም ጓደኛሽ ፋሪሃ ነገረችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከአዳይቱ ስመለስ ሽማግሌው ዘበኛችን ጣሃ በር ላይ አገኙኝ። አፋር ከመንገደኛ ጋር ዳጉ፣ ያየ የሰማውን ወሬ፣ ሳይለዋወጥ እንደማያልፍ አንቺ ከኔ የበለጠ ታውቂያለሽ።

«መንገዱ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ሰላም ነው፣ ሁሉም ደህና» ብዬ ላልፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«ይሄ ወሬ አይደለም። ዝናብ አለ? ከብቱስ? አንተ አየህ ወይስ ሰው ነገረህ? ደህና ነው ብሎ የሚያልፈኝ ሰው ንቆኛል።»

ቁጭ አድርገው ጠየቁኝ። አላየሁም ያልኩትን ሁሉ ለካ አይቼዋለሁ! ሲለቁኝ በቀጥታ ቢሮ ገብቼ እኔ ጋ የቀረውን ጽሑፍሽን ከመሳቢያ አወጣሁት። ያን ቀን ለካ ምስጋና አልነበረም የፈለግሽው፣ የሚጠይቅሽ ሰው ነበር።

በእርሳስ ያለው እንግዲህ እርማት አይደለም፤ ሃያ ሦስት ጥያቄ ነው። ትልቁ ገጽ ሦስት ላይ አለ። እናትሽ በመጀመሪያው ዓመት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ወሎ ሊመለሱ መናኸሪያ ሄደው እንደነበርና ማምሻውን ሱቁን መልሰው እንደከፈቱ ጽፈሻል። ለምን ተመለሱ? እሳቸው ነገሩሽ ወይስ አንቺ ገመትሽ?

መልሱን ለኔ አትጻፊ። ደብተርሽን ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በይና ጠይቂያቸው፤ አሁን፣ አፍ አውጥተው ሊነግሩሽ በሚችሉበት ጊዜ። መድበሉ ላይ ቢወጣ ይውጣ፣ ባይወጣም ግድ የለም።

እኔም በሚቀጥለው ወር አዋሽ እመጣለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም ያላሳየሁት የራሴ ጽሑፍ አለ፤ ዳሩን ሰፋ አድርጌ ትቼልሽ ይዤው እመጣለሁ። አደራሽን፣ ጎበዝ ነዎት ብለሽ እንዳታልፊኝ።

አክባሪሽ፣
ተገኘ