በነጻ የሚያስተምረው ሰውዬ

ጥቅምት 4
ሁለት ቀሚስ አሳጠርኩ፣ አንድ ሱሪ አጠበብኩ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ የሒሳብ ፈተናዋን ስፌት መኪናው ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ሰማንያ አንድ! ባለፈው አርባ ሦስት ነበር ያመጣችው። በአባቷም በእኔም ወገን ሒሳብ የሚሆንለት ሰው የለም... ከማን ቀድታ ነው?

ጥቅምት 6
ዛሬ ደግሞ አምሽታ መጣች። ማጠናከሪያ ትምህርት አለን አለች።
«ማን ነው የሚያስተምረው?»
«የሒሳብ አስተማሪያችን።»
«በስንት?»
«በነጻ ነው፣ እማ።»
በነጻ! ዛሬ በነጻ ሰላም የሚል ሰው አለ? ሆዴ ጠረጠረ።

ጥቅምት 9
አጠገቤ አስቀምጬ ጥያቄ አሠራኋት። ሁለቱን ሠራች፣ ሦስተኛው ላይ ቆመች። «ስታፈጥጪብኝ ይጠፋኛል» አለች። ፈታኙስ አያፈጥጥባትም እንዴ? ነገር አለ።

ጥቅምት 12
የስፌት ሱቄን ዘግቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በመስኮት አጮልቄ አየሁ... አስተማሪው እንደ ተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጧል። ሰሌዳው ጋ ቆማ የምታስረዳው የእኔዋ ናት! ጉድ እኮ ነው። አየኝና ወጣ። እናቷ ነኝ አልኩት።
«እናቷንማ አውቃቸዋለሁ። ነርሷ አይደሉም እንዴ? ባለፈው መጥተው ተነጋግረናል።»
ክው አልኩ። ነርሷ እኮ የጓሮዋን ክፍል የተከራየችኝ ልጅ ናት!

ቤት ገብቼ ነርሷን አፋጠጥኳት። «እትዬ፣ ወላጅ ካልመጣ አትማሪም ተባልኩ ብላ ስታለቅስ አንጀቴ አልቻለም» አለች። ልጄን ጠራሁ።
«አንቺ ከመጣሽ ታስወጪኛለሽ ብዬ ነው። ከመረብ ኳሱ አስወጣሽኝ። ከንባብ ክበቡም አስወጣሽኝ።»
ለእሷ ብዬ እንጂ ለራሴ ብዬ ነው? ከፋኝ፣ በጣም ከፋኝ። የገዛ ልጄ ሌላ እናት ተካችብኝ።

ጥቅምት 13
ርዕሰ መምህሯ ሰምተዋል። እውነተኛዋ እናት ቀርባ ካልፈቀደች ከማጠናከሪያው ትወጣለች አሉ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ትልቁ ፈተና አለ... ልጄ አላናገረችኝም። ዓይኗ አብጧል። ይቅርባት ልበል? ሰውየውን ግን ምን ብዬ ልመነው?

ጥቅምት 14
ወደ አስተማሪው ተመልሼ ሄድኩ። «እውነቱን ይንገሩኝ። እርስዎ ምን ያገኛሉ?» አልኩት።
ሳቀ። «ክፍሌ ከወደቀ የምወቀሰው እኔ ነኝ። አምና ግማሹ ወድቆብኝ ከሥራ ልባረር ነበር።»
ተመስገን፣ ጥቅም አለው! ልቤ መለስ አለ። ጥቅሙን በአፉ የሚናገር ሰው ይሻለኛል።
እሱም በተራው ጠየቀኝ። «ቤት ስትገባስ ምን ትሠራለች?»
«የደንበኛ ልብስ ላይ ቁልፍ ትተክላለች።»
«እስኪመሽ?»
ምን አገባው? «እዚህ ያስጨበጥኳትን ቤት ካልደገመችው ጠዋት ረስታው ነው የምትመጣው» አለ።
ፈቀድኩ።

ኅዳር 2
ቁልፉን ራሴ እየተከልኩ ነው። ጣቴ ተበሳስቶ አለቀ። ልጄ የመቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ሒሳቧን ትሠራለች። እንዳይጠፋባት ጀርባዬን ሰጥቼ እሰፋለሁ። አንዳንዴ ግን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ... ምን ላድርግ?

ኅዳር 20
የወላጆች ስብሰባ ነበር። ከጨርቅ ብናኝ የጸዳ አንድ ልብስ ፈልጌ ለብሼ ሄድኩ። በሩ ላይ አንዲት አስተማሪ «የማን ወላጅ ነዎት?» አለችኝ። አፌን ሳልከፍት ልጄ ከጓደኞቿ መሀል እጇን አወጣች።
«የእኔ! የእኔ እናት ናት!»
አዳራሹ ሁሉ ዞረ። እንባዬ መጣ። እንደ ልማዴ «ምን ፈልጋ ይሆን?» አላልኩም።