ተመልሶ ስለሚመጣው የእድራችን ሲንክ ውኃ

ለተከበሩ አቶ ወልደገብርኤል፣
የብሎካችን እድር ሊቀመንበር፣
ልደታ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና ያለ እንከን ቁልቁል የሚወርደው የወጥ ቤትዎ ሲንክ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ የእድሩ እቃ ጠባቂ ቀመሪያ፣ አላህ ይመስገን፣ ከቤዝመንት ሳልወጣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለሁሉም እንዲታይ በደረጃው ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ እርስዎ ፎቅ ድረስ ወጥቼ፣ ደጅ ጠንቼ እስክመለስ ሲንኩ ሞልቶ ስለሚፈስ ነው።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። የለቅሶ ሳህንና ብረት ድስት በባልዲ ውኃ ማጠቤ አሳዝኖዎት በቤዝመንቱ ሲንክ አስተከሉልን። ቤዝመንቱ ከፍሳሽ መስመሩ በታች ስለሆነም፣ ውኃው በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ ከየወጥ ቤቱ ወደሚወርደው የሕንፃው ቧንቧ እንዲገባ ተደረገ። እስከዚህ ላለው አላህ ይስጥልኝ። ከዚህ ወዲያ ላለው ደግሞ የእጅዎን ይስጥዎ።

1ኛ. የቧንቧ ሠራተኛው ጃርሶ፣ የተገፋው ውኃ ተመልሶ እንዳይመጣ ቼክ ቫልቭ የሚባል፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት መዝጊያ መገጠም አለበት ብሎ ነበር። እርስዎም ብቻዎን ላለመወሰን ካለዎት ጨዋነት የተነሳ ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አቀረቡት፤ ጉባኤውም በጋራ ቧንቧ ላይ መዝጊያ ማድረግ የላይኛውን ጎረቤት መብት መዝጋት ነው ብሎ በድምፅ ብልጫ ጣለው። ውሳኔው መልካም ነበር፤ ውኃው በስብሰባው ላይ ባለመገኘቱ ብቻ አልሰማውም። ፓምፑ ባረፈ ቁጥር የገፋሁት ሁሉ ይመለሳል፣ የወይዘሮ ሠርካዲስን የጎመን ቅጠልና የእርስዎን የሽሮ ዝቃጭ ይዞልኝ። በዚህ ብሎክ ማን ምን እንደበላ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በጾም ማን ምን እንደበላ ግን እዚህ ልጽፍ አልወደድኩም።

2ኛ. ብቸኛ ልጄ ነጅማ በቡታጅራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷልና፣ ሄጄ አጠገቧ እንድሆን ከእቃ ጠባቂነቴ ያሰናብቱኝ ዘንድ በትሕትና ለምኜዎት ነበር። እርስዎም በትሕትና፣ እቃ ጠባቂ የሚሰናበተው እቃውን ሁሉ ንጹሕ አድርጎ ሲያስረክብ ነው የሚለውን ደንባችንን አስታወሱኝ። እኔ አጥባለሁ፣ ሲንኩ ይመልሳል፣ ኮሚቴው ሳህኑን በጣቱ ዳብሶ ቅባት አለው ይላል፣ እኔም እንደገና አጥባለሁ። እንደ ድሮዬ ግቢ ውስጥ ልጠብ ብል፣ ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ እጣቢ መድፋት ተከልክሏል። በጎረቤት ሲንክ ልጠብ ብል፣ የለቅሶ እቃ ከነእድፉ ሰው ቤት አይገባም፣ ገደ ቢስ ነው ብለው ሁሉም በራቸውን ዘጉብኝ፤ ከሁሉም ቀድመው የዘጉት እርስዎ ነዎት። ጥዬ ብሄድ ደግሞ ከእድሩ እሰረዛለሁ፤ ስሞት ድንኳን የሚተክል፣ ልጄን የሚያጽናና አይኖርም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኛ እድር አንበሳ ስላላገኘ እኔን አስሯል።

3ኛ. ለጊዜው ብለው ቤዝመንቱ ውስጥ ያኖሩት ሶፋዎ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል። ሲንኩ በሞላ ቁጥር ከእድሩ ድንኳን አስቀድሜ ዳር ዳሩን የማደርቀው እሱን ነው፤ አደራዎን እንዴት እረሳለሁ? በዚህ ብሎክ ደህንነቱ ከልብ የሚጠየቅለት እሱ ብቻ ነውና አንዳንዴ እቀናበታለሁ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። ነጅማ ስትደውል መቼ ትመጫለሽ ማለቱን ትታለች። አሁን የምትጠይቀኝ፣ ውኃው ዛሬስ ወረደ ወይ ብላ ነው። እኔ ስሞት ቀባሪ እንዳላጣ ስል፣ ልጄ ስትወልድ እናት ልታጣ ነው።

ለሚቀጥለው ጉባኤ ረጅም ዕድሜ፣ ለቧንቧዎ መልካም ቁልቁለት እየተመኘሁ፣ ከወለሉ ኩሬ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እጇ ከሳሙና፣ እግሯ ከእጣቢ ያልወጣው
ታዛዥዎ ቀመሪያ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስል ነጅማ ምጥ እንደያዛት ተደወለልኝና መንገድ ጀምሬያለሁ። ከሰረዛችሁኝ ሰርዙኝ። ሳህኖቹን በርዎ ላይ ደርድሬልዎታለሁ፤ ገደ ቢስ መሆናቸውን ባልረሳም፣ በዚህ ሕንፃ እንደ እርስዎ ሲንክ ውኃ የሚወርድለት አላየሁም። የእድሩን ድንኳን ለቀስተኛ እንዳይበደል ከፍ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ። ሶፋዎን ግን ማንሣት ስላልቻልኩ ከቤዝመንቱ ሲንክ ሥር ትቼዋለሁና፣ ሳህኖቹን ሲያጥቡ ውኃውን ቀስ እያሉ ይልቀቁ።