ሳፋው ወደ ዱብሉቅ ሲሄድ

ሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 1958

ዛሬም «ይቺ ልጅ የት ነው የምትሄደው?» አለችኝ ልጄ ሰናይት፣ የመጽሐፏን ሥዕል እያሳየችኝ። «የትም አትሄድም፤ ሳፋ ውስጥ ተቀምጣ ነው» አልኳት። ፊቷን አዞረች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ አፏን የምትከፍተው ከስንት አንዴ ነው። እሱንም አበላሸሁባት።

መጽሐፉን ከአዲስ አበባ የላከችላት እህቴ ናት። የፈረንጅ ነው፤ ጽሑፉን ማናችንም አናነበውም። ሥዕሉ ግን ግልጽ ነው። አንዲት ልጅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ትገባለች፤ መጥረጊያውን መቅዘፊያ ታደርገዋለች። ገጹ ሲገለጥ ባሕር ላይ ናት፣ ዓሣ ከቧታል። መጨረሻ ላይ ተመልሳ ግቢዋ ውስጥ። በቃ። ለዚህ ብሎ ወረቀት ማባከን! እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ።

ጾም ገባ። ሙቀቱ ብሷል። የአራተኛ ክፍሎችን ፈተና አላረምኩም።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው በጩኸት ተሞልቷል። ሰናይትና የአከራያችን የአዴ ዳራሜ ልጅ ቦኔ ሳፋችን ውስጥ ተቀምጠዋል። ሳፋው ውኃ ከጠፋ ወዲህ ሥራ ፈቶ ነበር። መርከብ ግን አልሆነም፤ የጭነት መኪና ሆኗል። ነገሌ ተቀምጠው ባሕር ከየት ያውቃሉ? ቦኔ ትነዳለች፤ ፍየሎቹን በኦሮምኛ ከመንገድ ታባርራለች። ሰናይት በአማርኛ ተሳፋሪ ትጠራለች። ተግባብተዋል።

ሰናይት ሳቀች። በጆሮዬ ሰማሁ።

ሐሙስ

ደስታዬ አልቆየም። ሰናይት አጠገቧ ቦታ ለቃ «እማዬ፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፤ መንገዱ ያንገጫግጫል» ስትል ሰማኋት። ከደብረ ማርቆስ ስንመጣ እናቷ ከእኛ ጋር አልነበረችም። ቀብረናት ነው የመጣነው።

ለባልደረባዬ ለመምህር ታደሰ ነገርኩት። «መጽሐፉን ውሰድባት። ልጅን ከእውነት የሚያርቅ ነገር ነው» አለኝ። ወስጄ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት።

ዓርብ

መጽሐፉ የት ሄደ ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ጨዋታውም አልቀረም፤ እናቷም ተሳፍራለች። ታዲያ የወሰድኩባት ምኑን ነው?

አዴ ዳራሜን «ይሄ ነገር አያስፈራዎትም?» አልኳቸው።

«ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ መምህር» ብለው ሳቁ። «የእኔዋ ትናንት ሞተሻል ብላ ቀብራኝ፣ አልቅሳልኝ ነበር። ተነሥቼ ወተት ስሰጣት ጠጣች።»

እኔ አልሳቅሁም። ግን ማታ ሰናይትን ሳያት አመሸሁ። ራት ሲቀርብ ከሳፋው ወጣች፣ እጇን ታጠበች፣ በላች። ለእናቷ ቦታ አልያዘችም። የት መግባቷንም፣ ከየት መውጣቷንም አሳምራ ታውቃለች። በሥዕሉ ላይ ያለችውም ልጅ እንዲሁ ናት። ያላወቅሁት እኔ ነኝ።

መጽሐፉን አውርጄ ትራሷ ሥር አኖርኩላት።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሳፋው አጠገብ ቆምኩና «ቦታ አለ?» አልኩ። ተያዩ። ቦኔ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለች። «ከኋላ ብቻ ነው ያለው አለች» ብላ ሰናይት አስተረጎመችልኝ። ጉልበቴን አገጬ ሥር አጥፌ ገባሁ። ጎረቤት በአጥር ያያል። ይይ።

ብዙ ተጓዝን። «እማዬስ?» አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ዱብሉቅ ወረደች።»

«ለምን?»

«የቦኔ አጎት እዚያ ነው ውኃ የሚቀዳው። ትልቅ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ተደርድሮ፣ እየዘፈነ ነው የሚቀዳው። ብቻዋን አትሆንም።»

ሰናይት ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተስ የት ትወርዳለህ?»

«እኔ አልወርድም።»

ትንሽ አሰበችበት። «እሺ። ጠጋ በል እንግዲህ፤ ፍየል እንጭናለን።»

ጠጋ አልኩ። ነገ እናቷን መልሳ ታሳፍራት እንደሆነ አላውቅም።