ሰርበዳር፣ ሠሪ በዳር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ለአ.አ. መጽሔት የምልከው ዓምዴ ዛሬም አላለቀም፣ ደብተሬ። ጥፋቱ የኡስታዝ ሐሚድ ነው። ካርቱም የተማሩት፣ የቤርታ ብሔረሰብ ተወላጁ የታሪክ መምህር። እሳቸው ታሪኩን ይነግሩኛል፣ እኔ ለተማሪዎቻቸው ድራማ አደርገዋለሁ። የዛሬው ደግሞ ጉድ ነው! የድሮ ፋርስ። አገሩን ሞንጎሎች ይዘውታል። የሞንጎል ሹም አንድ ቤት ገብቶ መጠጥ አምጡ ይላል፤ ሲሞቀው ደግሞ የቤቱን ሴቶች። የቤቱ ባለቤቶች፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሰይፍ መዘዙ። ይህን ከምናይ አንገታችን ገመድ ይግባ አሉ። ስማቸውም ከዚያው ወጣ፦ ሰርበዳር፣ ራሱን ለመስቀያ የሰጠ። ከተማ ያዙ። የንጉሥ ዘር ሳይሉ ከመሃላቸው እየሾሙ ገዙ። እርስ በርስም ተገዳድለዋል፤ ኡስታዝ አያሽሞነሙኑም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ለካ አልጨረሱልኝም! በሰርበዳሮቹ ከተማ ጧትና ማታ አንድ ፈረስ ተጭኖ ይወጣ ነበር። ኮርቻው ባዶ። ለማህዲ፣ በዘመን መጨረሻ ይመጣል ለሚሉት አዳኝ፣ ዛሬ ቢመጣስ ብለው። በየቀኑ፣ ደብተሬ! በየቀኑ ተስፋ መጫን!

እኛ ግን ፈረስ ከየት? እዚህ ቆላ ገንዲ የሚያስይዘው ዝንብ ይፈጀዋል። ከባምባሲ በኩል በቅሎ ተዋስን። ልምምድ ላይ ባዶ ኮርቻዋን ይዛ ብቅ ስትል፣ ሊያሾፉ የመጡት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። አንዲት የቤርታ እናት ብድግ አሉ። አንዱ ጎረምሳ፣ “እማማ፣ በቅሎ ናት እኮ!” ቢላቸው፣ “አንተ ዝም በል! ሰውየው ቢመጣስ?”

እኔም ተነሳሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የባህል ጽ/ቤቱ አቶ ግርማ በትልቅ ጨርቅ አስጽፈው መጡ። “ሰርበዳር፦ ሠሪ በዳር አገር።” እንደሳቸው ሰር ማለት ሠሪ፣ በዳር ያው በዳር አገር። “ለአዲሱ ክልላችን ተለክቶ የተሰፋ ስም!” ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ። እሑድ ድራማውን ሊያዩ ባለሥልጣናት ይመጣሉ። መስቀያ፣ አመፅ ሲሰሙስ? ድራማው ይቀራል። ኡስታዝም ገና በጊዜያዊነት ነው የሚያስተምሩት፤ ሊያባርሯቸው ይችላሉ። ሠሪ እንደተባለ ይለፍ አልኳቸው ኡስታዝን።

“እህቴ፣ ሰዎቹ ይህን ስም በአንገታቸው ነው የገዙት። እኔ ለደመወዝ ልሽጠው?”



ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ከኡስታዝ ጋር አብረን ወደ አቶ ግርማ ጽ/ቤት ሄድን። ኡስታዝ ቆመው የስሙን እውነተኛ ትርጉም፣ ሁሉንም ተናገሩ። አቶ ግርማ ላባቸውን ጠረጉ። “እና የሞንጎሉ ሹም እኔ ነኝ ማለት ነው?” አሉ። ኡስታዝ ሳቁና፣ “ወላሂ፣ እርስዎ አይደሉም” አሉ። አቶ ግርማ ጨርቁን አያወርዱም፤ ድራማውንም አይከለክሉም። ግን መድረክ ላይ የስሙን ትርጉም የፈታ ሰው ራሱ ይጠየቅበታል አሉ። ኡስታዝ እሺ፣ እኔ እፈታዋለሁ ብለው ወጡ።

ሦስት ልጆች አሏቸው። እኔ ቢበዛ ብባረር ወደ አ.አ. ነው። መድረክ መሪዋም እኔ ነኝ። ነገ ማይክሮፎኑን አልሰጣቸውም። ራሴ እላለሁ፦ ክቡራትና ክቡራን፣ ሰርበዳር ማለት ራሱን ለመስቀያ የሰጠ ነው።