ከታች ያለችው

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ቀኑን ሙሉ ኬክ ሳስጌጥ ዋልኩ። አንዷ መጥታ «የውሻዬ ልደት ነው፤ ስሙን በሰማያዊ ክሬም ጻፊልኝ» አለች። ጻፍኩላት። ምን ቸገረኝ? ሁሉም እንደየእብደቱ ነው። እኔስ በአርባ ስምንት ዓመቴ ምሰሶ ላይ የምንጠለጠል ሴት አይደለሁ?

ከሥራ በኋላ ልምምድ። ፍራንሲን አርፍዳ መጣች። «የደንበኛ ፀጉር ይዞኝ ነው።» ጓደኛዋ ፀጉር ሠሪ የሆነች ሴት ይህን ሰበብ እስክትሞት ትሰማዋለች።

ሐሙስ የሉዊቪሉ የምሰሶ ዳንስ ጉባኤ ይጀመራል። ቅዳሜ ማታ እኔና እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ እንወጣለን። ስድስት ዓመት ስንለፋበት የኖርነው የጥንድ ዳንስ። እኔ ከታች ሆኜ ምሰሶውን በጭኔ ቆንጥጬ እይዛለሁ፤ እሷ እላዬ ላይ ተዘርግታ ትበራለች። እኔ ወፍራም፣ እሷ ሚጢጢ... ማን ከታች እንደሚሆን ገና ከመጀመሪያው ያለቀ ነገር ነበር።

«ግድግዳዬ» ትለኛለች። ከፍቅር ነው። ግን ለግድግዳ ማን ያጨበጭባል?

ረቡዕ፣ ጁን 4

ሻንጣ ዘጋሁ። ሎሽኔን አውጥቼ ቤት ተውኩት። የምሰሶ ሰው ሊጨፍር ሲል ለቀናት ሎሽን አይነካም። ቅባት የነካው ቆዳ ምሰሶ አይዝም፣ ያሟልጫል። ክርኔ የአዞ መስሏል። ባሌ ደባበሰውና «ከዚህ ጋር ነው የምተኛው?» አለኝ። ሶፋው አለልህ አልኩት።

ሐሙስ፣ ጁን 5

ሉዊቪል ገባን። ሆቴሉ ውስጥ ሁለት ጉባኤ አለ... የእኛና የቀብር አስፈጻሚዎች። እነሱ ጥቁር ሱፍ ከነከረባቱ፤ እኛ ቁምጣ፣ ያውም ቁምጣ ካሉት። ሊፍት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጣሪያ ላይ ተክለው፣

«እናንተ የምን ማኅበር ናችሁ?» አሉን።

«የምሰሶ» አለች ፍራንሲን።

«የመብራት ሠራተኞች?»

«የምሰሶ ዳንስ። እርስዎስ?»

«ቀብር።»

«በሉ እንግዲህ፣ ከወደቅን እናንተው ጋ ነን።»

ሽማግሌው እየሳቁ ወረዱ። የእሳቸው ፎቅ ግን አልነበረም፤ እንደገና ተመልሰው ገቡ። ይቺ ፍራንሲን!

አዳራሹ ዳር እስከ ዳር ምሰሶ ነው። በአንዱ ምሰሶ ሁለትም ሦስትም ሆነን እንጠቀማለን። ጨፍራ የወረደች በአልኮል ወልውላ ለተረኛዋ ታስረክባለች። ሳትወለውል የሄደች ስሟ በየምሳ ጠረጴዛው ይነሳል። ጭብጨባም የለም፤ ታኮ ጫማ መሬት ላይ ማንኳኳት ነው። አንዲት ሴት ከላይ ተንሸራታ ዘጭ አለች፣ በቂጧ። አዳራሹ ታኮውን ሲያንኳኳላት ጆሮዬ ሊደነቁር! ተሳክቶላት ቢሆን ግማሹንም አታገኝም ነበር። እንዲህ ያለ ሕዝብ ሌላ የት አለ?

ዓርብ፣ ጁን 6

የጥንድ ስልጠና። አሰልጣኙ ሊዮኔል ይባላል፤ የኒው ኦርሊንስ ሰው፣ ቀጭን፣ አፈ ጮሌ። ገና ሰላም ሳይለን፣ «የኔ ማሮች፣ ባልና ሚስት ሁሉ ዛሬ ተፋታችኋል! የማታውቋትን ያዙ፤ አሁኑኑ!» አለ።

ለእኔ አንዲት የኦሃዮ አስተማሪ ደረሰችኝ። ጭኔን ስትረግጥ «ይቅርታ»፣ ትከሻዬን ስትይዝ «ይቅርታ»፣ እላዬ ላይ ከወጣች በኋላም «ይቅርታ»። ኧረ ውጪና ዝም በይ፣ ልላት ነበር።

ለፍራንሲን ማን ደረሰቻት? ኦዴት። ከአላባማ የመጣች የከባድ መኪና ሾፌር። ትከሻዋ በር ያህላል። ፍራንሲንን እንደ ቦርሳ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ፍራንሲን ወደ ኋላ ተለጠጠች፣ እጇን ለቀቀች፣ ሳቀች። ቀና ብዬ አየኋት... ስድስት ዓመት እላዬ ላይ ስትወጣ አንድ ቀን እንዲህ ስቃ አታውቅም። ከእኔ ጋር ትንፋሿን ይዛ ነው የምትሠራው።

እራት ላይ ወሬው ሁሉ ኦዴት። ኦዴት እንዲህ አለች፣ ኦዴት እንዲህ አሳየችኝ፣ ኦዴት በመኪናዋ አርባ ግዛት አዳርሳለች። ዶሮዬን በሹካ ደጋግሜ ወጋሁት።

«ከእሷ ጋር ስትሠሪ ቀላል ሆንሽ» አልኳት።

«ተሰማኝ እኮ! ምንም ክብደት የለኝም። ከአንቺ ጋር ግን እጨነቃለሁ፤ እንዳልከብድሽ።»

«ከብደሽኝ አታውቂም።»

«አውቃለሁ። ግን... ሞና፣ ቅዳሜን ምናልባት...»

«ምናልባት ምን?»

«ተይው። ነገ እነግርሻለሁ።»

ምናልባት ምን? ምናልባት ከኦዴት ጋር ልውጣ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል ብቻ።

አሁን ሁለቱ መዋኛው ጋ ናቸው። «ነይ» ብላኝ ነበር። ደክሞኛል አልኩ። አልደከመኝም፤ እርር ድብን ብያለሁ። የክፍሌን መታጠቢያ ገንዳ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ተዘፈዘፍኩ። ስወጣ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ የሆቴሉ ትንሽዬ ጠርሙስ ተቀምጣለች፤ የብርቱካን አበባ ሽታ። ክንዴን፣ እግሬን፣ ጭኔን ሁሉ ቀባሁ። ስንት ቀን የደረቀ ቆዳ... ደስ ሲል! ቢያንስ ለራሴ አልጨክንም። ልተኛ።

ቅዳሜ፣ ጁን 7፣ ከምሳ በፊት

ጉድ ሆንኩ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመጨረሻ ልምምዳችን ነበር። ምሰሶው ላይ ወጣሁ። ጭኔ ትንሽ ሸርተት ሲል ምሰሶው አልተወለወለም ብዬ አሰብኩ። ፍራንሲን ወጣችብኝ። እጇን ለቀቀች። ከዚያ እንደ ቅቤ ቁልቁል... እኔም እሷም። ክርኗ ወለሉን ሲመታ ድምፁን ሰማሁት።

ሊዮኔል ሮጦ መጣ። አነሳት፣ ክርኗን አጠፈ ዘረጋ፤ ደህና ናት። ከዚያ እኔን ሊያነሳ ክንዴን ያዘና እጁ አዳለጠው። አሸተተኝ።

«የኔ ማር... ይሄ የምን ሽታ ነው?»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ልብሴን ረስቼ ራቁቴን ብገባ ይሻለኝ ነበር።

«ረስቼ ነው» አልኩ።

«ረስተሽ?» አለች ፍራንሲን። «ስድስት ዓመት አንድ ቀን ያልረሳሽው ዛሬ ተረሳሽ? ዛሬ?»

«እናቴ ትሙት...»

«እናትሽ ሞታለች፣ ሞና!»

ክርኗን ይዛ ወጣች። እውነቷን ነው፣ እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ።

ረስቼ ነው። ረስቼ ነው? ጠርሙሷን ስከፍት እጄ እንኳ አላመነታም እኮ። እንደተናደድኩ አውቃለሁ። እንደቀናሁም አውቃለሁ። ግን እንድትወድቅ አልፈለግኩም። እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ግን እርግጠኛ መሆን አቃተኝ።

በሳሙና አሸሁት፣ በአልኮል አሸሁት። ቆዳዬ ቲማቲም መሰለ። ሽታው ወይ ፍንክች።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ኦዴት መጣች። ክፍሌን አንኳኩታ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ኮክ ይዛ። ልጠላት ተዘጋጅቼ ከፈትኩ። «ብዪ» አለችኝ። ኮኩ ደግሞ ጣፋጭ ነው። የምትጠሊው ሰው ጣፋጭ ኮክ ሲያመጣልሽ ምን ይደረጋል?

«ረጅም ሱሪ አለሽ?»

«የሌሊት ልብስ ነው ያለኝ። ዳክዬ ያለበት።»

«ልበሺውና ነይ።»

ባዶው አዳራሽ ወሰደችኝ። ከላይ ለምትሆነዋ ባዶ ቆዳ የግድ አይደለም፤ ምሰሶውን የምትይዘው ከታች ያለችው ናት አለች። እሷ ወጣች፣ ጭኗን መታ መታ አደረገች። «ነይ።»

«እኔ? ስንት እንደምመዝን ታውቂያለሽ?»

«የማቀዝቀዣ ጭነት ነው የማመላልሰው፣ ሴትዮ። ነይ ውጪ።»

ወጣሁ። ጭኗ ላይ ቁጭ አልኩ። ምሰሶውን አንቄ ያዝኩት።

«ልቀቂ።»

«እሺ።»

«አለቀቅሽም እኮ።»

«እየለቀቅኩ ነው!»

«ሞና። ይዤሻለሁ። ልቀቂ።»

ለቀቅኩ። ወደ ኋላ ተለጠጥኩ። ጣሪያውን አየሁ፤ ስድስት ዓመት የማየው የፍራንሲንን ጀርባ ነው። ከዚያ ዝም ብዬ አለቀስኩ። ልጅነቴን አላስታውስም እንጂ ካደግኩ ወዲህ ማንም ተሸክሞኝ አያውቅም። በሠርጌ ቀን እንኳ ባሌን ወገቡን አሞት ነበር። በበሩ ተያይዘን በእግራችን ገባን።

ስወርድ ኦዴት፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ሆዴ ነገር አይችልም» አለች። «ትናንት ማታ ጓደኛሽን ከእኔ ጋር መድረክ ትወጪያለሽ ወይ አልኳት። እኔ ሞናን ትቼ የትም አልሄድም አለችኝ። ምንሽን እንደምትወድልሽ እንጃ፤ አፏ ግን ስላንቺ አያርፍም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ከነዳክዬዬ።

እሑድ፣ ጁን 8

የትናንቱን ሳልረሳው ልጻፈው።

ፍራንሲን መድረኩ ጀርባ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ክርኗ ላይ በረዶ ይዛለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ይቅር በዪኝ። ሎሽኑን ረስቼ ነው፤ ቅናቱ ግን እውነት ነው። ትተሽኝ ልትወጪ መስሎኝ።»

በረዶውን ክርኗ ላይ አገላበጠች። 

«ዓርብ ልልሽ የነበረው» አለች፣ «ምናልባት አንቺም አንዴ ከላይ ብትሆኚስ ልል ነበር። ኦዴት ስትይዘኝ እንዴት ደስ እንደሚል አየሁና... ሞናስ? አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሞናስ?»

«ታዲያ ለምን ዋጥሽው?»

«እሺ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነዋ!»

ሳቅኩ። እሷም። እውነት ስትናገር እንዲህ ነች፤ ፊቷን ሳትሸፍን። «ከላይ መሆን እወዳለሁ፣ ሞና። ለምን እዋሻለሁ? ደግሞ ብጥልሽስ? ይሄን ሁሉ ሰውነት!»

«ክርንሽስ?»

«በክርን ነው እንዴ የሚያዘው? በጭን ነው። ስትጮሂብኝ የኖርሽው አይደል?»

ቦታ ተቀያይረን መውጣት እንድንችል እንዲያሳየን ሊዮኔልን ለመንነው። ከንፈሩን ነክሶ አየንና ቀላሏን አያያዝ ብቻ አሳየን፤ ከወለሉ ብዙም ሳንርቅ፣ ኦዴት ከሥር ቆማ። «በጉልበት አይደለም፣ የኔ ማር። ቁርጭምጭሚትሽን ቆልፊና ተንፍሺ።»

ማታ መድረክ ላይ ወጣን። እኔ በዳክዬ ሱሪ፤ አዳራሹ ገና ሱሪውን ሲያይ መንኳኳት ጀመረ። ፍራንሲን ምሰሶው ላይ ተቆለፈች። ጭኗ ላይ ወጣሁ። ትንቀጠቀጣለች፤ ከነፍሷ ትንቀጠቀጣለች። «ልቀቂ» አለች በጥርሷ መሀል። «ቶሎ ልቀቂ እንጂ፣ አንቺ ተራራ!»

ለቀቅኩ። ያዘችኝ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሁለት ትንፋሽ? ከዚያ ቀስ፣ ቀስ እያልን ወረድን፤ እኔ እጄን እንደዘረጋሁ፣ እሷ ከሥሬ እየተሳደበች፣ ወለሉ ላይ እስክንከመር። ታኮው! ግድግዳው ተናጋ። ኋላ በር ላይ ጥቁር ሱፍ የለበሱት ቆመዋል፤ ታኮ ስለሌላቸው ወንበር ይደበድባሉ። የሊፍቱ ሽማግሌ መሀላቸው ናቸው።

ወደ ቤት ስንነዳ ፍራንሲን መንገዱን ሙሉ አኮረፈችኝ። «ያንኳኩት ለዳክዬዎቹ ነው እንጂ እኔን ማንም አላየኝም» አለች።  መሪውን ይዤ ፈገግ አልኩ።

ሐሙስ፣ ጁን 12

ልምምድ። ፍራንሲን እያነከሰች ገባች። ሱሪዋን አወለቀችና ጭኗን አሳየችኝ፤ ከውስጥ በኩል በልዟል፣ ጥቁርና ሐምራዊ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ። እንደ ሜዳልያ ነው የምታሳየው። ለደንበኞቿ ሁሉ አሳይታለች አሉ።

«አንቺም እንዲህ ትሆኚ ነበር?»

«በየሳምንቱ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ።»

ጭኗን አየች፣ እኔን አየች። የምትቀልድ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልቀለደችም። አልኮሉንና ጨርቁን አንስታ ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች ወለወለች፣ ቀስ ብላ። ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠች።

«ዛሬ ማን ከላይ ይሁን?» አለችኝ።

እንደፈለግሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ሁሌ የምለው እሱን ነው። ጭኗ ያማታል፣ ለእሷ መተው ነበረብኝ።

«እኔ» አልኳት።