ስለ ጉሬዛዎቹ መሻገሪያና ስለ ልጄ ስለ ሣባ

ለተከበሩ ጓድ አያሌው፣ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ
ጉርድ ሾላ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ሰሞኑን ሰው መግረፍ ስለበዛብዎ ትከሻዎን እንዳያምዎ ከባለቤቴ ጋር እንመኝልዎታለን። እኔ ረታ መኩሪያ፣ በዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት ታስተምር የነበረችው የሣባ አባት ነኝ። ውለታዎን በአደባባይ ላመሰግን ስለወደድሁ ይህን በቀበሌው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ. ልጄ ቤት ባለው ጥቁር ሰሌዳዋ ላይ ክቦች ሥላ በመስመር አያይዛ ነበር። ክቦቹ የተቆራረጡ ደኖች፣ መስመሮቹ ጉሬዛ ከደን ወደ ደን የሚሻገርባቸው የወንዝ ዳር ዛፎች፣ ቁጥሮቹም በየትውልዱ ስንቱ እንደሚሻገር ግምት ነበሩ። እኛ ለመጋባት ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ጉሬዛ መቁጠር አይችልምና መሻገሪያው ከተቆረጠበት ከዘመዱ ጋር ብቻ እየተዋለደ ዘሩ ይመነምናል፤ ስሌቷ ይህንኑ ነበር የሚያሳየው። እርስዎ ግን አንዴ አይተው ብቻ የፀረ አብዮተኞች የምስጢር ሕዋስ ንድፍ መሆኑን ስለደረሱበት፣ ዩኒቨርሲቲው እስከ ዛሬ ሳይቀጥርዎ መቅረቱ ይገርመኛል።

፪ኛ. ከክብ ወደ ክብ የሚመላለሰው ማን ነው እያሉ ውስጥ እግሯን ሲገርፉ «ጉሬዛ ነው» አለችዎ። እውነቷን ነበር። እርስዎ ግን የሰው የምስጢር ስም መስሎዎ፣ የተደበቀበትን ቤት እንድትናገር ዘቅዝቀው ሰቀሏት። አብራት ታስራ የነበረች ሴት እንደነገረችን፣ ጥርሷ ከረገፈ በኋላ እንኳ ስለ ዛፎቹ ልታስረዳዎ ትሞክር ነበር። አስተማሪ ናትና ይቅር ይበሏት።

፫ኛ. ማለዳ መንገድ ዳር አገኘናት። ያን ሁሉ ስሌት የተሸከመ ጭንቅላቷን በጥይት በትነውታል፤ ደረቷ ላይም «ጉሬዛን የደበቀች» የሚል ጽሑፍ አኑረዋል። የእጅዎን ይስጥዎ። ለቅሶ ስለከለከሉም፣ ዘብዎ ደጃችን ቆሞ ሲያዳምጥ፣ እናቷ አሰገደች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንሰቀሰቃለች። እኔ አንጀቴ አርሯል፤ እሷ ግን ልትፈነዳብኝ ነው። ልጄን መልሱልኝ አልልም። እናቷ አንድ ቀን ብቻ ድምፅ አውጥታ ታልቅስ፤ ሌላ የምለምንዎ የለኝም።

የሚልኳቸው ሰዎች በፍለጋ እንዳይደክሙ በሬን ከፍቼ የምጠብቅ፣ አክባሪዎ፣

ረታ መኩሪያ

ማስታወሻ፦ ጓዶች እርስ በርስ መገዳደል ጀመሩ ሲባል ሰማሁ። ተራዎ ሲደርስ አልቃሽ አጣለሁ ብለው አይስጉ፤ አሰገደች ትመጣለች። በእርስዎ ሬሳ ላይ ማልቀስን የሚከለክል አይኖርምና፣ እዚያ ቆማ ሣባን ታለቅሳለች።