ወንድማቸውን በየግድግዳው የፈለጉት ሠዓሊ የሕይወት ታሪክ

ከቤታችን ፊት ለፊት ያሉት ባለ ሱቅ፣ ስኳር ሲመዝኑም ሳሙና ሲሸጡም፣ “ሠዓሊው ታላቅ ወንድሙን ገድሎ ግድግዳ ውስጥ ለስኖታል” እያሉ ዕድሜ ልካቸውን አውርተዋል። ዛሬ በአባቴ አርባ ከፊት ወንበር ላይ ስለተቀመጡ እውነቱን አብረውን ይስሙ።

አባቴ በ1944 ዓ.ም. ከልስን ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። የደብተራቸው ዳር ሁሉ ቀንድና ጅራት እየሆነ ከመምህራን ጋር ሊስማሙ ስላልቻሉ ግን አቋርጠው በአንድ ማስታወቂያ ጻፊ ቤት ሥራ ጀመሩ። እዚያም ሽፋኑ የተገነጠለ የሥዕል መጽሐፍ አገኙ። የአውሮፓ የህዳሴ ዘመን ሠዓሊዎች ቤተ መንግሥት ሲያስጌጡ ለጨዋታ የሣሏቸው ነገሮች ነበሩበት፦ ከወገቧ በታች ቅጠል የሆነች ሴት፣ ቀንድ አውጣ የሚጋልብ ዝንጀሮ፣ ከአበባ መሃል ምላሱን የሚያወጣ ሽማግሌ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ መጽሐፍ አላማራቸውም።

በ1962 ዓ.ም. አባታቸው ከመንገድ የሚታየውን የቤታቸውን ግድግዳ በአዲስ ልስን አሳመሩት። አባቴ ደግሞ ልስኑ ሳይደርቅ ሣሉበት። የፍየል እግርና ጅራት ያለው ሰው ቀንድ አውጣ ላይ ተቀምጦ ይጋልባል፤ ፊቱ ቁርጥ የታላቅ ወንድማቸው ነው። ሊያስቁ ብለው ነበር፤ አስቁም። የአጎቴ እጮኛ ቤተሰቦች ያን ዕለት ለጥየቃ መጥተው፣ ግድግዳው ሥር ቆመው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አጎቴ አብረው ለመሳቅ ሞክረው ነበር ይባላል። ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። በዚያው ቀሩ።

እናታቸው ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደተቀመጡ ኖሩ። አባታቸው ሥዕሉን በኖራ ቀቡት፤ ክረምት በገባ ቁጥር ግን ኖራው እየረጠበ ፊቱ ተመልሶ ብቅ ይል ነበር። ባለ ሱቁ ወሬያቸውን የጀመሩት ያኔ ነው። በ1971 ዓ.ም. መንገድ ሊያልፍ ቤቱ ሲፈርስ፣ የሰፈሩ ሰው “አጥንት ይወድቃል” ብሎ ሊያይ ተሰበሰበ። የወደቀው ጭቃና ገለባ ነው። ባለ ሱቁ ታዲያ መቼ አፍረው! “ወደ ሌላ ግድግዳ አዛውሮታል” አሉ። ሰፈሩ እንዳለ ተበተነ። ከዚያ ሁሉ ጎረቤት እሳቸው ብቻ ከአዲሱ ቤታችን ፊት ለፊት መድረሳቸው የኛ ዕጣ ሆኖ ነው።

አባቴ የእነዚያን ጥንታዊ ሥዕሎች ቅጂ በእጅ መሥራትን መተዳደሪያቸው አደረጉ። ሥዕሉን ስስ ወረቀት ላይ ያነሡና መስመሩን ተከትለው በመርፌ ይበሱታል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይዘው የከሰል ዱቄት በተቋጠረበት ጨርቅ መታ መታ ሲያደርጉት ነጠብጣቡ ይቀራል። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ሌላኛውን ጎን ይሠራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ራሱ በራሱ ላይ ያፈጣል። በየከተማው የሆቴል አዳራሽ፣ ሲኒማ ቤት፣ የሀብታም መኝታ ቤት በዚህ ሞሉ። በሁሉም ውስጥ፣ አንድ ቦታ ቅጠል መሃል፣ የወንድማቸው ፊት አለ። “የትም ይሁን፣ አንድ ቀን ቀና ይላል። ራሱን ሲያይ ይስቅና ይመጣል” ይሉ ነበር።

ስማቸውን ግን በአንዱም ላይ አልጻፉም። ቅጂ አይፈረምበትም፤ ሙያውን ሲማሩ የተማሩት ሕግ ነው። “ፈርምበት እንጂ ሰውዬ!” ያላቸውን ደንበኛ ሁሉ፣ “ያልፈጠርኩትን የኔ ነው ልበል? ሌባ መሰልኩህ?” ብለው ኩም ያደርጉታል።

በ1985 ዓ.ም. ከእናቴ ጋር ትዳር መሥርተው እኔን ወለዱ። የሳሎናችን ግድግዳም ያው ፊት አለበት። እናቴ፣ “ያገባሁት አንድ ወንድ፣ የሚያፈጥብኝ ሁለት” እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ አቧራውን የሚጠርጉለት ግን እሳቸው ናቸው። አባቴ ሸበቱ፣ ጎበጡ። ፊቱ አላረጀም። በልጅነቴ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ስሆን ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል።

በ2015 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመው አልጋ ያዙ። አልጋው ወደ ሳሎን ወጥቶ ወደ ሥዕሉ እንዲዞር አዘዙ። በመጨረሻ ሰሞን በሩን በጣታቸው እያሳዩ፣ “ቆሞ ይጠብቅ እንዴ? ክፈቱለት እንጂ” ይሉን ነበር። እንከፍታለን፤ ነፋስ ይገባል። ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው፣ በሩ እንደተከፈተ ዐረፉ። ባለቤታቸውንና አንድ ሴት ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሲጠብቁት ከኖሩት ሰው አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም በር በር የማያይ ልብ ይስጠን።

ጽሑፉ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ትናንት ግን አንድ የሆቴል በረኛ ከሩቅ ከተማ መጥቶ ለቅሶ ደረሰን። አባቴ ፎቶ ስለማይወዱ፣ በጋዜጣ ያወጣነው የኀዘን ማስታወቂያ ላይ ያንን ፊት አድርገን ከሥሩ ስማቸውንና አድራሻችንን አስጽፈን ነበር። ፊቱና ስማቸው አንድ ላይ ሲታዩ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በረኛው ጋዜጣውን እንደያዘ፣ “አንድ ሽማግሌ እሑድ እሑድ አዳራሻችን ያለው ሥዕል ሥር ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ ሳያቸው ሥዕሉ ያረጀ መስሎኝ ክው አልኩ” አለን። ሽማግሌው ቀና ብለው ይስቁና፣ ለገባው ሁሉ “ይሄን የሣለው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የት እንዳለ የሚያውቅ አለ?” ይላሉ። የተወለዱበት ቤት ሄደው አስፋልት አግኝተዋል። ሆቴሉም ባለቤት ከቀየረ ወዲህ ማን እንደሣለው የሚያውቅ የለም። አጎቴ በመጡ ቁጥር ወንበር አስጠግተው፣ የሥዕሉን ማዕዘኖች በመሐረብ እየጠረጉ ፊርማ ይፈልጉ ነበር።

ባለፈው ጥር ዐረፉ።